ድንጉጥ ድመትን ወይም ውሻን በቤት ማበጠር፣ ማጠብና ጥፍር መቁረጥ፦ የትኛው አማራጭ ለየትኛው እንስሳ?

የጥፍር መቁረጫው የሚቀመጥበት መሳቢያ ሲከፈት ድምፁን ለይቶ አልጋ ሥር የሚወሸቅ ውሻ ያለው ሰው፣ ወይም ማበጠሪያ ይዞ በቀረበ ቁጥር ድመቱ ቁም ሣጥን ላይ ወጥታ የምታፈጥበት ሰው፣ ችግሩ የመሣሪያ ጥራት ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ያም ሆኖ መፍትሔ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ብሩሽ ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ስሕተት የለበትም፤ መልሱ ግን ከብሩሹ ይልቅ በእንስሳው ላይ የተመሠረተ ነው። ለድንጉጥ እንስሳ የሚሻለው መሣሪያ ፀጉሩን ከሁሉ አሳምሮ የሚያወጣው ሳይሆን፣ እንስሳው ሳይሸሽ የሚችለውና ነገም እንድንደግመው የሚፈቅድልን ነው። ከዚህ በታች አማራጮቹን የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ስለሆነ፣ በሌላ ሚዛን ደካማ የሚባል መሣሪያ እዚህ ቀድሞ ቢገኝ አንባቢ አይገረም።

በቅድሚያ፦ ፍርሃት ነው ወይስ ሕመም?

ለዓመታት ሲበጠር ዝም ይል የነበረ እንስሳ በድንገት ማጉረምረም ወይም መናከስ ከጀመረ፣ የጠባይ ለውጥ ከማለት በፊት ሕመምን መጠርጠር ይገባል። የጆሮ ኢንፌክሽን፣ በፀጉር የተሸፈነ ቁስል፣ የጥርስ ሕመምና የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉም በመነካት ይባባሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ድመቶች የራጅ ምስሎች ሲመረመሩ፣ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ መጎሳቆል ምልክት ተገኝቷል። ያረጀች ድመት ወገቧና ጅራቷ ሥር ፀጉሯ ሲቋጠር ብዙ ጊዜ ሰነፈች ይባላል እንጂ፣ ዞራ ያንን ቦታ መላስ አሟት ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው። እንዲህ ላለችው ድመት ለስላሳ ብሩሽ ከመግዛት በፊት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይቀድማል።

ሕመም ካልሆነና ፍርሃት ከሆነ ደግሞ፣ ፍርሃቱ ከመናከሱ በፊት የሚናገርባቸውን ምልክቶች ማወቅ ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል። ውሻ ምግብ በሌለበት ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፣ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ብቻ ወደ እኛ ስለሚመልስ የዓይኑ ነጭ በጠርዝ በኩል ይታያል፣ ሳይሞቀው ያለከልካል፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ይወትፋል። ድመት ጆሮዋን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ታጥፋለች፣ የጅራቷን ጫፍ ታወራጫለች፣ የጀርባዋ ቆዳ ይርገበገባል፣ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል። ድመት ስታንኮራፋ ተደስታለች ማለት ሁልጊዜ ልክ አይደለም፤ ስትጨነቅም ሆነ ስትታመም ልታንኮራፋ ትችላለች፤ ስለዚህ ድምፁን ከጆሮዋና ከጅራቷ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚታለፈው ምልክት ግን ድርቅ ብሎ መቆም ነው። ጡንቻው የጠነከረ፣ የማይንቀሳቀስና ጉርሻ ሲቀርብለት አፉን የማይከፍት እንስሳ «ተረጋጋ» ይባላል፤ እውነቱ ግን ተስፋ መቁረጡ ነው። ወዲያው ማቆም ያለብን እዚህ ላይ ነው።

በአንድ ጊዜ መገላገል ወይስ ከፋፍሎ መሥራት?

በብዙ ቤት የሚመረጠው አንዱ ይዞ ሌላው ቆርጦ በአንድ ጊዜ መገላገል ነው። አሠራሩ ጊዜ ይቆጥባል፤ መነካትን ከቡችላነቱ የለመደ እንስሳም ሊታገሠው ይችላል። ድንጉጡ እንስሳ ግን ከእያንዳንዱ ትግል አንድ ትምህርት ይዞ ይወጣል፦ በመጀመሪያው ጊዜ የሚፈራው ጥፍሩ ሲቆረጥ ነው፤ በሁለተኛው መቁረጫውን ሲያይ፣ በሦስተኛው ደግሞ መሳቢያው ሲከፈት ይሸሻል። ሥራው ቢጠናቀቅም የሚቀጥለውን ጊዜ እያከበደ ነው የተጠናቀቀው።

ከፋፍሎ መሥራት ማለት በቀን ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ብቻ መሥራትና እንስሳው «በቃኝ» ከማለቱ በፊት ማቆም ነው። ውሻም ሆነ ድመት አብዛኛውን ጊዜ 18 ጥፍር አላቸው፤ ከፊት በእያንዳንዱ እግር አምስት፣ ከኋላ አራት። በቀን ሁለት ጥፍር የሚቆርጥ ሰው በዘጠኝ ቀን ይጨርሳል፤ ከዚያም ጥቂት ሳምንት አርፎ ከመጀመሪያው ይነሣል። ይህ ሰልቺ ይመስላል፣ በእርግጥም ሰልቺ ነው፤ ዳሩ ግን ከአርባ ደቂቃ ትግልና ከተቧጨረ ክንድ ጋር ሲነጻጸር ቀላሉ እሱ ነው።

ከፋፍሎ ለሚሠራ ሰው ከትዕግሥቱ ባላነሰ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 በምግብ መፈጨት ምርምሩ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾቹ ያሳየው፣ ከምግብ በፊት የሚመጣ ምልክት ራሱ ምግቡን እስከ ማስታወስ እንደሚደርስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መንካት፣ ቀጥሎ ማጉረስ ነው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ምግቡን አሳይተን እንጠራለን፣ እንይዛለን፣ ከዚያ እንቆርጣለን፤ በዚህም ምግቡን የመጥፎ ነገር ምልክት እናደርገዋለን። የጉርሻ ከረጢት ሲንኮሻኮሽ የምትሸሽ ድመት የተማረችው ይህን ነው።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን መቁረጫው ወለል ላይ ይቀመጥና ውሻው ባየው ቁጥር አጠገቡ ትንሽ ሥጋ ይወረወርለታል፤ ከዚያ በላይ ምንም አይደረግም። በሚቀጥሉት ቀናት መቁረጫው በእጅ ይነሣና ውሻው ጉርሻ ያገኛል፤ ቀጥሎ ትከሻውን በመቁረጫው ጀርባ መንካት፣ ከዚያ ክንዱን፣ ከዚያ መዳፉን፣ ከዚያ ጥፍሩን ሳይቆርጡ መንካት። የመቁረጥ ድምፁ ለብቻው የሚያስደነግጠው ከሆነ ደረቅ ፓስታ አጠገቡ በመቁረጫው እየቀነጠሱ ማላመድ ይቻላል፤ ድምፁ በጣም ይቀራረባል። በአንዱ ደረጃ ላይ ውሻው ወደ ኋላ ካለ ፍጥነቱ የእኛ ጥፋት ስለሆነ ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለሳሉ። አንዳንዱ ውሻ በሦስት ቀን፣ አንዳንዱ በሁለት ወር ይደርሳል።

ይህ መንገድ የማያገለግልበት ጊዜም አለ። ጥፍሩ ዞሮ መዳፉ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ፀጉሩ ከዓይነ ምድር ጋር ተጣብቆ መጸዳዳት ከከለከለው፣ ሳምንታት መጠበቅ አይቻልም። ያን ጊዜ ግን በጉልበት መያዝ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ሄዶ በማረጋጊያ መድኃኒት ማሠራት ይገባል።

የማበጠሪያ ምርጫ

ለመጀመር የጎማ ብሩሽ ወይም ጎማ የተለጠፈበት ጓንት ይሻላል። እንስሳው ከመዳበስ ለይቶ ስለማያየው አይሸሸውም፤ ቆዳውን አይጭረውም፤ አጭር ፀጉር ላላቸው እንስሳት ደግሞ የረገፈውን ፀጉር በሚገባ ይሰበስባል። ድክመቱ ረጅም ፀጉር ላይ ነው። ላይ ላዩን አለስልሶ ሥሩ ያለውን ቋጠሮ ሳይነካ ያልፋል፤ ባለቤቱም ሠራሁ ብሎ ሲያስብ ቋጠሮው እየጠነከረ ይሄዳል።

ቀጫጭን የሽቦ ጥርሶች ያሉት ብሩሽ ለረጅምና ለተጠቀለለ ፀጉር ከሁሉ ይልቅ ሥራ የሚሠራ ነው፤ ድንጉጥ እንስሳን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀይመውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ጥርሶቹ ትንሽ ሲጫኑ ቆዳ ይቧጭራሉ። ከመጠቀም በፊት በራስ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ማስኬድ ጥሩ ልማድ ነው፤ የራሳችንን ቆዳ ካቀላው የድመትን ቆዳ ደግሞ ያቆስለዋል። የብረት ማበጠሪያ፣ በአንድ ወገን ሰፋ ያሉ፣ በሌላው ጠበብ ያሉ ጥርሶች ያሉት፣ ዋና ጥቅሙ መፈተሽ ነው፤ ከሥር እስከ ጫፍ ሳይያዝ ካለፈ ፀጉሩ ተፈትቷል፤ ከተያዘ ቋጠሮ አለ። ረጅም ፀጉር ያለው እንስሳ ላለው ሰው አንድ ዕቃ ብቻ ግዛ ብባል የምመርጠው ይህንን ማበጠሪያ ነው። የረገፈ ፀጉር በብዛት ያወጣሉ ተብለው የሚሸጡት ስለት ያላቸው መሣሪያዎች በጤነኛና በረጋ ውሻ ላይ በልክ ቢሠራባቸው አይጠሉም፤ አንድን ቦታ ደጋግመው ከሳቡት ግን የላይኛውን ፀጉር ይቆራርጣሉ፣ ቆዳውንም ያስቆጣሉ። ለድንጉጥ እንስሳ የመጨረሻ አድርጌ የማስቀምጣቸው ለዚህ ነው።

የትኛውም ይመረጥ፣ የሚጀመርበት ቦታ ውጤቱን ይለውጣል። ድመት በጉንጮቿና በአገጯ ሥር መነካት ትወዳለች፤ ራሷም ዕቃ ላይ እየታከከች ጠረኗን የምትተወው በእነዚህ ቦታዎች ነው። ከዚያ ወደ አንገትና ትከሻ መውረድ ይቻላል። ሆዷን፣ የኋላ እግሮቿን ውስጥና የጅራቷን ሥር ግን ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ብሩሹ በፀጉሩ ላይ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር ትንሽ ብልጭታ እንስሳውን ይነዝረዋል፤ ብሩሹን በውኃ ርጭት ትንሽ ማርጠብ ይህን ይከላከላል።

የተቋጠረ ፀጉር፦ ጣት፣ ማበጠሪያ፣ መቀስ ወይስ ቶንዶስ?

ቋጠሮ በብዛት የሚገኘው መፋተግ ባለበት ነው፦ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ሥር፣ በኋላ እግሮች መካከል፣ የአንገት ማሰሪያ በሚያርፍበት። ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቋጠሮው በእያንዳንዱ እርምጃ ቆዳውን ይጎትታል፣ ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፣ ቁስልንም ይሸፍናል። እንስሳው የሚፈራው ብሩሹን ነው ብለን የምናስበው፣ ብሩሹ በነካው ቁጥር ከቀድሞውም የሚያመውን ቦታ ስለሚነካበት ሊሆን ይችላል።

ለትንንሽ ቋጠሮ ጣት ከመሣሪያ ሁሉ ይበልጣል። ጥቂት የበቆሎ ስታርች ቋጠሮው ላይ ነስንሶ በጣት ማሸት ፀጉሩን ያንሸራትተዋል፤ ከዚያ ቋጠሮውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወደ ጎንና ጎን እየሰነጠቁ ትንንሽ ማድረግ ይቻላል። ማበጠሪያ ሲከተል ደግሞ የግራ እጅ ጣቶች በቆዳውና በቋጠሮው መካከል ፀጉሩን ጨብጠው ይይዛሉ፣ የቀኝ እጅ ከፀጉሩ ጫፍ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ወደ ሥሩ እየተጠጋ ያበጥራል። እንዲህ ሲያዝ መሳቡ ከጣቶቹ አያልፍም፤ ቆዳውም አይሰማውም። ከሥር ጀምሮ ወደ ጫፍ የሚስብ ሰው ግን ቋጠሮውን ያጠብቀዋል፣ እንስሳውንም ያስጮኸዋል።

መቀስን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ በቆዳና በቋጠሮ መካከል መቀስ አይገባም። ቋጠሮው ሲነሣ ቀጭኑ ቆዳ አብሮ እንደ ድንኳን ወደ ላይ ይነሣል፤ በተለይ የድመት ቆዳ ስስና ተለጣጭ በመሆኑ ፀጉር የመሰለው ቆዳ ሆኖ ይገኛል። ድመቷ በዚያች ቅጽበት ብትወራጭ ስፌት የሚያስፈልገው ቁስል ይደርስባታል። ጥንቃቄ አደርጋለሁ የሚል ሰው ሁሉ ከእንስሳው ድንገተኛ እንቅስቃሴ ፈጣን አይደለም።

የፀጉር ማሽን፣ ማለትም ቶንዶስ፣ ቆዳውን የመቁረጥ ዕድሉ ከመቀስ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ድምፅና ሙቀት። በድምፅ ቅጥነት መለኪያ በኸርዝ ሲታይ፣ ሰው የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ሲሆን ውሻ ከ40,000፣ ድመት ደግሞ ከ60,000 ኸርዝ በላይ ይሰማሉ። ለእኛ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ የሆነው ማሽን ለእነርሱ ሌላ ድምፅ ሊጨምርበት ይችላል፤ መንቀጥቀጡም በአጥንታቸው ይሰማቸዋል። ድምፅ የማይወድ እንስሳ ላይ ቶንዶስ ለመጠቀም ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሌላ ክፍል ውስጥ አብርቶ፣ እንስሳው እየበላ ሳለ፣ በየቀኑ ርቀቱን እየቀነሰ ሊያላምደው ይገባል። ሙቀቱ ደግሞ ሳይታወቅ ይመጣል፤ ስለቱ በሥራ ላይ እያለ ስለሚግል በየጥቂት ደቂቃው በእጅ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ አስደግፎ መፈተሽ ያስፈልጋል። ለእኛ እጅ ከበዛ የእንስሳውን የሆድ ቆዳ ያቃጥላል።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ይቀመጣል። ከአውራ ጣት ጫፍ ላልበለጠ ቋጠሮ ጣትና ማበጠሪያ ይበቃሉ። ለጥቂት ትልልቅ ቋጠሮና ድምፁን ለለመደ እንስሳ ቶንዶስ ይሆናል። ፀጉሩ እንደ ምንጣፍ አንድ ላይ ተያይዞ ቆዳው ለማይታይ እንስሳ፣ በተለይ ለድመት፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም፤ በሐኪም ተደንዝዞ ይላጫል። ለመፍታት ብሎ ሰዓታት ማሰቃየት ደግነት አይደለም፤ ፀጉር ይበቅላል። ከዚህ ጋር አብሮ ሊታወቅ የሚገባው፣ ድርብ ፀጉር ያላቸው ውሾች፣ ማለትም ከላይ ጠንካራ ከሥር ለስላሳ የሆነ ፀጉር ያላቸው፣ ያለ ሕክምና ምክንያት መላጨት እንደሌለባቸው ነው፤ ፀጉሩ ሲመለስ ወጣ ገባ ሊሆን ይችላል፣ ከፀሐይ የሚጠብቃቸውንም ያጣሉ። አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ፤ ቋጠሮ ያለበት ፀጉር ሳይፈታ አይታጠብም፤ ውኃ ሲነካውና ሲደርቅ ይበልጥ ይጠብቃል።

የጥፍር መቁረጫ፣ ሞረድ ወይስ የመፋቂያ ሰሌዳ?

በጥፍሩ ውስጥ የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሥጋ አለ። ነጭ ጥፍር ላይ ሮዝ ሆኖ በግልጽ ይታያል፤ ጥቁር ጥፍር ላይ ግን አይታይም፤ እዚያ የሚቆረጠው ስስ ስስ እያደረጉ ነው፤ የተቆረጠው ፊት መካከል ላይ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ክብ ነጥብ ብቅ ሲል ሥጋው ቀርቧል፣ ይቆማል። እኔ በአንድ ወቅት የውሻዬን ጥቁር ጥፍር በችኮላ በአንድ ቁርጥ ለመጨረስ ሞክሬ ሥጋውን አገኘሁት። ደሙ በአምስት ደቂቃ ቆመ፤ ውሻው ግን ከሁለት ወር በላይ የቀኝ እግሩን እንድነካ አልፈቀደም። አንዲት ሚሊ ሜትር ያስከፈለችኝን ጊዜ እስካሁን አስበዋለሁ።

እንደ መቀስ የሚገጥመው መቁረጫ ፈጣንና ጸጥተኛ ነው፤ ለድመትም ለውሻም ይሆናል፤ ስለቱ ሲደንዝ ግን ጥፍሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፣ መጨፍለቁ ደግሞ ያማል፤ ስለዚህ በየጊዜው መለወጥ አለበት። ጥፍሩ በቀዳዳ ገብቶ የሚቆረጥበት ዓይነት ለትንንሽ ውሾች ይሠራል፣ ነገር ግን ጥፍሩን ወደ ቀዳዳው ማስገባቱ ተጨማሪ ሰከንዶችና መያዝን ስለሚጠይቅ ለሚወራጭ እንስሳ አልመርጠውም።

በባትሪ የሚዞር ሞረድ ጥፍሩን በጥቂቱ ስለሚፍቅ ሥጋ የመንካት አደጋው ያነሰ ነው፤ ለጥቁርና ለወፍራም ጥፍር ተመራጭ የሚያደርገውም ይህ ነው። በአንጻሩ ድምፅና ንዝረት አለው፤ በአንድ ቦታ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከቆየ ጥፍሩን ያግላል፤ በመዳፍ ዙሪያ ያለ ረጅም ፀጉርም ሊጠቀለልበት ይችላል። ድምፅ የሚፈራን ውሻ ከመቁረጫ ወደ ሞረድ ማዞር አንዱን ፍርሃት በሌላ መተካት ሊሆን ይችላል፤ ጫና የሚፈራን፣ ማለትም ጥፍሩ ሲጨበጥ የሚረበሸውን ውሻ ግን ሞረድ ይስማማዋል። ስለዚህ የትኛውን እንደሚፈራ ሳይለዩ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሦስተኛው አማራጭ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ እንጨት ላይ የሚለጠፍ ሸካራ የማለስለሻ ወረቀት። ውሻው ሰሌዳውን በፊት እግሩ መቧጨር ይማራል፣ በእያንዳንዱ ቧጨራ ጉርሻ ያገኛል፣ ጥፍሩንም ራሱ ይሞርዳል። ከላይ የነገርኳችሁ ውሻ የዳነው በዚህ ነው። ማንም እግሩን አልጨበጠውም፤ ሰሌዳውን ጉልበቴ ላይ አዘንብዬ ስይዝ መጀመሪያ አሸተተው፣ ቀጥሎ በአፍንጫው ገፋው፣ ከሥሩ ቁራሽ ሥጋ ስደብቅበት ደግሞ በእግሩ ጫረው፤ በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳውን ሲያይ እየሮጠ ይመጣ ነበር። ጉድለቱ ሰሌዳው ከፊት እግር አራት ጥፍሮች አልፎ መሬት የማይነካውን የውስጥ ጥፍር አለመድረሱ ነው። ያ ጥፍር በመራመድ ስለማይሞረድ ዞሮ ሥጋ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው፤ በመቁረጫ መቆረጥ አለበት። መካከለኛ ጥፍሮችንም ከጎን ካሉት ይልቅ ያሳጥራል፤ ሰሌዳውን ትንሽ ማጉበጥ ይህን ያስተካክላል።

ለድመት ነገሩ አጭር ነው። ከእንቅልፍ ስትነሣ ወይም ልትተኛ ስትል፣ ጭን ላይ ሳለች፣ መዳፏን ከላይና ከታች በቀስታ ጫን ሲሉት ጥፍሩ ይወጣል፤ ሹል ሆኖ የሚታየው ግልጽ ጫፍ ብቻ ይቆረጣል። ሁለት ጥፍር ከተቆረጠ ለዚያ ቀን በቂ ነው። መቧጨሪያ ግንድ የጥፍሩን አሮጌ ቅርፊት ያስወልቃል እንጂ አያሳጥረውም፤ በተለይ ያረጁ ድመቶች መቧጨር ስለሚቀንሱ ጥፍራቸው ወፍሮ መዳፋቸው ውስጥ እንዳይገባ መታየት አለበት። በሁሉም ሁኔታ ደም ማቆሚያ ዱቄት፣ ከሌለም የበቆሎ ስታርች፣ ከመጀመር በፊት በእጅ አጠገብ ይሁን። ደም ሲወጣ ዱቄቱ ጥፍሩ ላይ ተጭኖ ለጥቂት ደቂቃ ይያዛል፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ መደንገጥ ግን እንስሳውን ከቁስሉ ይበልጥ ያስፈራዋል።

መታጠብ

ጤነኛ ድመት ከነቃችበት ጊዜ ጥቂት የማይባለውን ራሷን በመላስ ስለምታሳልፍ አብዛኛውን ጊዜ መታጠብ አያስፈልጋትም፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ለድንጉጥ ውሻም ቢሆን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ሙሉ በሙሉ መታጠብ አለበት ወይ?» ነው፤ ጭቃ የነካው እግሩ ብቻ ከሆነ እግሩ ብቻ ይታጠብ። ሙሉ መታጠብ ካስፈለገ ከሻወር ይልቅ አስቀድሞ የተሞላ ገንዳና ኩባያ ይሻላል፤ የፍርሃቱ ግማሽ ከውኃው መንሿሿት፣ ሌላው ግማሽ ከገንዳው ማንሸራተት ስለሚመጣ፣ ከእግሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ወይም የጎማ ምንጣፍ ይነጠፋል። ውኃው ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሁን፤ ፊት በጨርቅ ይጠረግ፤ ማድረቅ በፎጣ ይሁን፤ ፎን የሚባለው ማድረቂያ ድምፁም ሙቀቱም ለድንጉጥ እንስሳ አይሆንም።

የሳሙናው ምርጫ ላይ መሳሳት ግን አደጋ አለው። የሰው ቆዳ አሲድነት ያለው፣ በአሲድነት መለኪያው በፒኤች 5.5 አካባቢ ሲሆን፣ የውሻ ቆዳ ወደ ገለልተኛው ይጠጋል፤ የሰው ሻምፑ ደጋግሞ ከነካው ያደርቀዋል። ሳይታጠቡ የሚቀቡና የሚጠረጉ ሻምፑዎች ምቹ ናቸው፤ ነገር ግን ድመት ፀጉሯ ላይ የቀረውን ሁሉ ልሳ ትውጠዋለች፤ ስለዚህ ሽታ የበዛባቸውንና የእፅዋት ዘይት ያለባቸውን መተው ይገባል፤ የቲ ትሪ ዘይት በተለይ ለድመትም ለውሻም መርዝ ሊሆን ይችላል። ለውሻ ቁንጫ የተሠራና ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ነፍሳት ያለበት መድኃኒት ደግሞ ድመትን ሊገድል ይችላል፤ ሁለቱ አንድ ቤት የሚኖሩ ከሆነ መድኃኒቱ ውሻው ላይ እስኪደርቅ ድረስ መለየት አለባቸው።

መያዝ፣ መጠቅለልና አፍ ማሰር

ድመትን በማጅራቷ ቆዳ ጨብጦ ማንሣት ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው፤ እናቷ እንደዚያ ታነሣት ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበርና ዓለም አቀፉ የድመት ሕክምና ማኅበር በጋራ ያወጡት መመሪያ ግን ይህ አያያዝ እንዲቀር ይመክራል፤ ለአደገች ድመት ፍርሃትን ያባብሳልና። የተሻለው በፎጣ መጠቅለል ነው፤ ሆኖም ፎጣ ሁለት ዓይነት ነው። ድመቷ ራሷ ቀድማ የምትተኛበት፣ የምታውቀው ፎጣ ቀስ ብሎ ሲጠቀለልና አንድ እግር ብቻ ሲወጣ መደበቂያ ይሆናል፤ ከላይ ድንገት የተጣለ ፎጣ ግን ወጥመድ ነው። ከፎጣው ለመውጣት የምትታገል ድመት ትለቀቅ፤ አጥብቆ መያዝ ሙቀትንና ድንጋጤን ይጨምራል።

ውሻ ሊናከስ የሚችል ከሆነ የአፍ ማሰሪያ ለሁለቱም ደኅንነት ነው፤ እዚህም ምርጫው ይለያያል። አፍን አጥብቆ የሚዘጋው የጨርቅ ማሰሪያ ውሻው እንዳያለከልክ ስለሚከለክለው፣ ውሻ ደግሞ ሙቀቱን የሚቀንሰው በማለክለክ ስለሆነ፣ ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። የቅርጫት ቅርጽ ያለው ማሰሪያ ማለክለክም፣ ውኃ መጠጣትም፣ ጉርሻ መቀበልም ይፈቅዳል። ቅርጫቱን ከቀናት በፊት፣ ውስጡ ምግብ እየተደረገ፣ አፍንጫውን ራሱ እንዲያስገባ ማላመድ ያስፈልጋል።

ማረጋጊያዎች

በሚነጠፍ የጎማ ሰሌዳ ላይ የሚላስ ምግብ መቀባት ከማረጋጊያዎች ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ነው፤ መላስ ራሱ ውሻን ያረጋጋል። የኦቾሎኒ ቅቤ ከተመረጠ መጀመሪያ መለያው ይነበብ፤ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ለውሻ በጥቂት መጠንም አደገኛ ነው። በሶኬት የሚሰኩ ወይም የሚረጩ የፌሮሞን ምርቶች (ፌሮሞን እንስሳት እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበት ጠረን ነው) አንዳንዱን እንስሳ ያግዛሉ፣ በሌላው ላይ ምንም ለውጥ አይታይም፤ ጉዳት ስለሌላቸው መሞከር ይቻላል፣ የሥልጠናውን ቦታ ግን አይተኩም።

መድኃኒትን በተመለከተ ሁለት ስሕተት አይቻለሁ፤ አንዱ ጨርሶ መፍራት፣ ሌላው ከቤት ያለውን የሰው መድኃኒት መስጠት። ሐኪም ከቀጠሮ በፊት ለድመት የሚያዝዘው ጋባፔንቲን፣ ለውሻ የሚያዝዘው ትራዞዶን ፍርሃቱን በእውነት ሊቀንሱ ይችላሉ፤ መጠናቸው ግን በሐኪም ብቻ ይወሰናል። ለሰው የተዘጋጀ ፈሳሽ ጋባፔንቲን ዛይሊቶል ሊኖረው ስለሚችል ከቤት አንሥቶ ለውሻ መስጠት አይገባም። አሴፕሮማዚን የሚባለው የቆየ መድኃኒት ደግሞ ሰውነትን ያዝላል እንጂ ፍርሃትን አያስቀርም ተብሎ ይተቻል፤ ለብቻው የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን ስለሌሎቹ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ሐኪም ወይም የእንስሳት ፀጉር አስተካካይ ዘንድ መሄድ ካስፈለገም፣ ሲቀጥሩ ሦስት ነገር አስቀድሞ መናገር ሥራውን ያቀለዋል፦ እንስሳው የሚፈራው ድምፅን፣ መያዝን ወይስ የተወሰነ የሰውነት ክፍል መነካትን እንደሆነ፤ የመጨረሻ ጊዜ የተነከሰው ሰው በምን ሁኔታ እንደተነከሰ፤ እንዲሁም የሚወደው ጉርሻ ምን እንደሆነ። የመጨረሻውን በከረጢት ይዞ መሄድ ይሻላል።